መፍታትና መንቀል

«ቀጭ!»

ይህቺ ድምፅ ምን እንዳስከፈለችን መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። ለአሁኑ ቦታውንና ሰዓቱን እናስቀምጥ። ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ እሁድ ረፋድ። ከመሐላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም የሚሠራባትን ቪትዝ ባጃጅ በሯ ላይ ፍቋት ሄዷል። ቀለም ቀቢው ደግሞ «የጎኗን ፕላስቲክ ራሳችሁ አንስታችሁ ካመጣችሁ ሂሳቡን ቀነስ አደርግላችኋለሁ» ብሎናል። በሩ ላይ የምትለጠፈውን፣ አጠገባችን የቆመ መኪና በሩን ሲከፍት የእኛን እንዳይነካ የምትከላከለውን፣ ያቺን ረዥም ፕላስቲክ ማለቱ ነው።

እኛም «ይቺማ ምን አላት!» አልን። በመሐላችን ሦስት ዲግሪ አለ። ካቻቢቴ ተዋስን፣ ከወጥ ቤት ቢላ ጨመርን፣ በአንዱ ጫፍ ሰክተን ፈነቀልን። «ቀጭ!» ፕላስቲኳ ለሁለት ተሰበረች። ከሥሯ ያለው ቀለም ደግሞ በእጅ መዳፍ ስፋት ተልጦ አብሯት መጣ። ባጃጁ ያደረሰው ጭረት ከእኛ ሥራ ጋር ሲተያይ የጥፍር ያህል ነው።

ታላቅ ወንድም መጣ፣ አየ፣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ዝም ብሎ በጣቱ የተላጠውን ዳር ዳር ዳሰሰና «ነቀላችኋታ» አለ። መኪናዋ እንጀራው ናት። ቤት ያለ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚሽከረከረው።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ መጀመሪያ የታሰበው ይቅርታ ሆኖ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ጥፋትን ማወቅ ይቀድማልና ምን እንዳጠፋን ለመረዳት በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ መንገድ ዳር ያሉ ጋራዦችን ዞርን፤ ማታ ማታ ደግሞ መጻሕፍት አገላበጥን። ያገኘነው ከአንዲት ፕላስቲክ የበለጠ ነገር ስለሆነ ለእናንተም ይድረስ ብለናል።

ሁለት ግሶች

«ነቀላችኋታ» የምትለዋን ቃል እስቲ ቆም ብለን እንያት። አማርኛ አንድን ነገር ከቦታው ለማንሳት ብዙ ግስ አለው። ከሁሉ ግን ለጋራዥ የሚቀርቡት ሁለቱ ናቸው፤ መፍታትና መንቀል። ቋጠሮ ይፈታል፣ ህልም ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል። የተፈታ ነገር ጉዳት የለበትም፤ ሲፈለግ መልሶ ይታሰራል። ጥርስ ግን ይነቀላል፣ ዛፍ ይነቀላል፣ ሚስማር ይነቀላል። የተነቀለ ነገር ቦታው ላይ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል።

መካኒኮቻችን ለዋናው መሣሪያቸው የሰጡት ስም «መፍቻ» ነው። ብሎኑ ከጣሊያን ቢመጣም መፍቻው አማርኛ ነው። ስለዚህ ለረዥም ዘመን መኪና ማለት በአገራችን የሚፈታና የሚታሰር ነገር ነበር ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ ግን ከውጭ የምናየው የመኪና ገላ ብዙው የሚፈታ አይደለም። ወይ በሙጫ ተለጥፏል ወይ በክሊፕስ ተሰክቷል። የእኛ ጥፋት የተለጠፈውን እንደታሰረ መቁጠራችን ነው። ይህ ለውጥ መቼ መጣ? ማን አመጣው? ታሪኩ ረዥም ስለሆነ ከቆምንበት ከቡራዩ እንጀምር።

የምዕራቡ መንገድ

ቡራዩ ያለችው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ ዋና ከተማውን ወደዚያ የማዛወር ሐሳብ ነበራቸው። ከተማው ባይዛወርም መንገዱ ተሠራ፤ በአገሪቱ ውስጥ በዘመናዊ መልክ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱም ሆነ። በዚያው ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ማሽን አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው።

እውነተኛው አውቶሞቢል የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ በሲድሌይ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ሁለተኛውን ይዞ ደረሰ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ እነዚያ መኪኖች የመጡት ባቡሩን ቀድመው ነው።

የዚያ ዘመን መኪና ምን ይመስል ነበር ካላችሁ፣ ከሠረገላ ብዙም አይርቅም። እንጨት፣ ቆዳ፣ ብረትና ነሐስ። የጭቃ መከላከያው በብሎን፣ ፋኖሱ በብሎን፣ መረገጫው በብሎን። ገላው ላይ የተለጠፈ ነገር የለም። አንድ መፍቻ የያዘ ትዕግሥተኛ ሰው መኪናውን አንድ በአንድ ፈትቶ እንደገና ሊያስረው ይችላል። ጌጡም ቢሆን የሚሠራ ነገር ነው፤ ነሐሱ የሚያምረው ስለሚወለወል ነው።

ሰበታና ላሜራ

አሁን ከምዕራቡ መንገድ ወደ ጅማው መንገድ እንሻገር። ሰበታን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቢራ ፋብሪካዋ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ፣ በቅርብ ደግሞ ከጅቡቲ በሚመጣው አዲሱ የባቡር መስመር መነሻነቷ ነው። የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነች መንገዷ ዳር የብረት ድምፅ አይጠፋም። መዶሻ ላሜራ ላይ ሲያርፍ። አንድ ጋራዥ በራፍ ላይ «ባትላሜራና ቀለም» የሚል ጽሑፍ አየን።

ባትላሜራ! ይህን ቃል ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ጣሊያንኛ ነው፤ ላሜራ የሚደበድብ፣ የሚቀጠቅጥ ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው ወራሪ በአምስት ዓመት ቆይታው በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖችና ሰፋፊ መንገዶች ይዞ መጣ። ጦሩ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪኖቹ ቀሩ፣ ጋራዥ የከፈቱ ጣሊያኖችም ቀሩ፣ ከሁሉ በላይ ቃላቱ ቀሩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ። ካቻቢቴ ሲተረጎም «ብሎን አባራሪ» እንደማለት ነው። ፓራፋንጎ «ጭቃ መከላከያ» ነው። ፓራውልት ደግሞ «ግጭት መከላከያ»።

ልብ በሉ፤ ቃላቱ ራሳቸው የየዕቃውን ሥራ ይናገራሉ። ፓራውልት ማለት የሚጋጭልህ ብረት ነው። በየቤተሰቡ አልበም ውስጥ ያለችውን ቮልስ አስታውሱ፤ ከፊትና ከኋላ የምታብለጨልጨው ክሮም በደንብ በብሎን የታሰረች ብረት ናት። ከተጣመመች ትፈታለች፣ ትቃናለች፣ ትታሰራለች። ክሮም የሚባለው ቅብ በመኪና ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ በ1950ዎቹ ደግሞ አሜሪካኖቹ መኪናቸውን በክሮም አሸብርቀው ሙሽራ አስመሰሉት። ሰማያዊና ነጭ ለብሰው አዲስ አበባን ያመላለሱት ፊያት ሰይቼንቶዎችም ሲጎዱ በመዶሻ የሚቃኑ ብረቶች ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመንም ቢሆን ሁሉም ነገር በብሎን አልታሰረም። የቮልስ ጎን ላይ የምትሮጠው ቀጭን የክሮም መስመር የተያዘችው በትንንሽ የብረት ክሊፕሶች ነው። ግን ብረት ብረት ነው። ቢጣመም ይቃናል። ስህተትን ይቅር ይላል።

በዚህ ይቅር ባይ ብረት ላይ የእኛ ሰዎች አንድ ትልቅ ሙያ ገነቡ። «ቅጥቅጥ» የምንለውን አውቶቡስ ታውቁታላችሁ። ከአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራለት አካል ነው። ስሙ ባትላሜራ የሚለውን ጣሊያንኛ በአማርኛ እንደመተርጎም ነው። ቅጥቅጥን ለመሥራት ዩኒቨርሲቲ የገባ የለም። ልጅ ከአባት፣ ተለማማጅ ከጌታው አይቶ ነው የተማረው።

ሰበታ ያገኘናቸው ባለሙያም እንዲሁ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የተሰበረችውን ፕላስቲክ አሳየናቸው። አገላበጧት፣ ካቻቢቴው የነከሳትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ሳቁ።

«ልጆች፣ ይቺን በምን ነካችኋት?»

«በካቻቢቴ፣ ጋሼ።»

«እንዲያውም በመጥረቢያ አላላችሁም! ብረት ይታገሉታል። ፕላስቲክ ይለመናል።»

ቀለም ቀቢዎቹ የተሳደቡ ጊዜ

«ይለመናል» የምትለው ቃል ከጭንቅላታችን ሳትወጣ አንድ ታሪክ አገኘን። ቦታው ሩቅ ነው፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹ አጋማሽ። ያኔ መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ሆኖ ነበር። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር ቀጥ ለማድረግ ቀቢዎቹ ወረቀት በሙጫ ይለጥፋሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ወረቀቱን ሲያነሱ ግን አዲሱ ቀለም ተልጦ አብሮ ይመጣል። እንግዲህ ከእኛ ቡራዩ የእሁድ ረፋድ በምን ይለያል?

ሪቻርድ ድሩ የሚባል ወጣት በዚያን ጊዜ የአሸዋ ወረቀት በሚያመርተው ስሪ ኤም ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። አዲስ የአሸዋ ወረቀት ለማስሞከር ወደ አንድ የመኪና ቀለም ቤት ጎራ ሲል ቀቢዎቹ በብስጭት ሲሳደቡ ሰማ። ሥራው አልነበረም። የእሱ ሥራ የአሸዋ ወረቀት ነው። ግን ችግሩ ገባውና መፍትሔ እሞክራለሁ አለ። ብዙ ከደከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1925 በደንብ የሚጣበቅ፣ ሲነሳ ግን ቀለሙን የማይነካ የወረቀት ፕላስተር ሠራ። ዛሬ በየቀለም ቤቱ ያለው ያ ክሬም መልክ ያለው ፕላስተር የእሱ ልጅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያስገረመን፣ ፈጠራው ያተኮረው መለጠፍ ላይ አለመሆኑ ነው። መለጠፍማ ማንም ይለጥፋል። ድሩ የተጨነቀው ሳይጎዳ ስለመነሳት ነው። ያ ጭንቀት የመጣው ከመሐንዲስ ወይም ከፕሮፌሰር ሳይሆን ቀለም ከተቀባባ ሠራተኛ ብስጭት ነው። የእኛ ቀለም ቀቢዎችም በየቀኑ ይበሳጫሉ። ቆሞ የሚሰማቸው ግን ስንት ነው?

ከሚላኖ የመጣው

ቃላቱ ከጣሊያን መጡ ብለናል። ፕላስቲኩም ከዚያው መጣ ብንላችሁስ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1954 ሚላኖ ውስጥ ጁሊዮ ናታ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከነዳጅ ማጣሪያ ከሚገኝ ጋዝ ጠንካራና ቀላል ፕላስቲክ ሠራ። ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። ለዚህና ተመሳሳይ ሥራዎች ናታ ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዛሬ ቤታችሁ ያለው ባልዲ፣ የጀሪካን ክዳን፣ የምሳ ዕቃ ብዙው ይኸው ፕላስቲክ ነው። የመኪናችሁ ፓራውልትም በአብዛኛው ከእሱ ዘመዶች አንዱ ነው።

ወደ መኪናው የገባው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካው ፖንቲያክ ጂቲኦ ፊቱ ላይ ክሮሙን ጥሎ እንደ ገላው የተቀባ ተለጣጭ ፓራውልት ለበሰ። በ1972 የፈረንሳዩ ሬኖ 5 የፕላስቲክ ፓራውልት ይዞ ወጣ። በ1973 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ፓራውልት በሰዓት 5 ማይል፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያለውን ግጭት እንዲችል አስገደደ። በዚያ ላይ የነዳጅ ቀውስ መጣና መኪና ቀላል መሆን ነበረበት። ከባዱ ብረት በየዓመቱ እየተነሳ ፕላስቲክ ተተካ።

የቀረው ብሎኑ ነበር። እሱንም ያው ስሪ ኤም ተካው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በሁለቱም ፊቱ የሚጣበቅ፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ጠንካራ ፕላስተር ለገበያ አቀረበ። በሩን መብሳት ቀረ። ቀዳዳ ከሌለ ውሃ አይገባም፣ ውሃ ካልገባ ዝገት የለም። ለፋብሪካው ርካሽ፣ ለገዢው ቆንጆ።

ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው፣ ለአራተኛው ባለቤትስ? ፋብሪካው እሱን አላሰበውም። እኛ ደግሞ አራተኛው ባለቤት ነን። ቪትዝ በጃፓን ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኛ ዘንድ የምትደርሰው ሌላ አገር አገልግላ፣ አንዳንዴም ተጋጭታና ተቀብታ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ያልታሰበውን መነቀልና መገጠም እዚህ መጥታ ሦስትና አራት ጊዜ ታያለች።

ሱሉልታ በጠዋት

ሦስተኛዋ ከተማ ሱሉልታ ናት። በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግረን ወረድን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ሜዳ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ሯጮቹ በጉም ውስጥ ያልፋሉ፣ የደርባ ሲሚንቶ መኪኖች ይከተላሉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል።

የፕላስቲክ ጠላት የሚባሉት ሁለቱ እዚህ አንድ ላይ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ጨረሩ የፖሊፕሮፒሊንን ረዣዥም ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። ጥቁሩ ፕላስቲክ አመድ መስሎ ሲነጣ ያያችሁት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ብርድ ነው። ይህ ፕላስቲክ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለመጡን ትቶ እንደ ብስኩት ይሰበራል። የለጠፈው ሙጫም በብርድ ይደርቃል። ስለዚህ በጠዋት ሱሉልታ ላይ፣ ፀሐይ የበላውን አሮጌ ፕላስቲክ፣ በካቻቢቴ የሚነካ ሰው «ቀጭ!» የምትለውን ድምፅ ጠርቶ ያመጣታል።

እዚያ ያገኘነው ወጣት ቀለም ቀቢ እስኪሞቅ ድረስ መኪና አይነካም። «ፀሐይ ረዳቴ ናት፤ እሷ ሳትገባ ሥራ አልገባም» ይላል። የእሱንና የሰበታውን ጋሼ ትምህርት አንድ ላይ አድርገን እነሆ።

መጀመሪያ እጠቡ። በፕላስቲኩ ዳር የተቀመጠው አቧራ አሸዋ ነው፤ ሳይታጠብ ከተነካ ራሱ ይጭራል። ቀጥሎ እዩ፤ የተደበቀ ብሎን አለ? ክሊፕስ ነው ወይስ ሙጫ ብቻ? መሐሉ ላይ ክብ ጭንቅላት ያለው ክሊፕስ ከሆነ መጀመሪያ መሐሉን ከፍ አድርጎ ነው ዙሪያው የሚወጣው። ሳያዩ መሳብ የእኛ ዓይነት ነው።

ከዚያ አሙቁ። የቀትር ፀሐይ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። ልኩ መዳፋችሁ ነው፤ እጅ ካልቻለው ቀለሙም አይችለውም። እሳት አታስጠጉ። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በዚያ በድሩ የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ።

ከዚያ ቁረጡ እንጂ አትፈንቅሉ። ዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከፕላስቲኩ ኋላ አስገብታችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ። ክሩ ሙጫውን ይቆርጣል፤ ቀለሙን አይነካም። ሙጫው ከበረታ እንደገና አሙቁ። ብረት ነገር አታስገቡ፤ የግድ ካስፈለገ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይሻላል። ክሊፕስ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከአንድ ጫፍ ይዞ እንደ ሙዝ መላጥ የለም። ጣታችሁ እያንዳንዱ ክሊፕስ አጠገብ ሄዶ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አንድ በአንድ።

ቀለሙ ላይ የቀረው ሙጫ በአውራ ጣት እየተፈተገ ይጠቀለላል። የቀረውን አልኮል በነካ ጨርቅ። ቲነርና ምላጭ ከአካባቢው ይራቁ፤ በተለይ መኪናዋ አንዴ ተቀብታ ከሆነ። እዚህ ላይ ሁለቱም ባለሙያዎች አንድ ቃል ናቸው። የፋብሪካ ቀለም ቻይ ነው፤ ድጋሚ የተቀባ፣ በተለይ ስቱኮ ያለበት በር ግን ሙጫው ይዞት ሊነሳ ይችላል። የእኛዋ ቪትዝ ከዚህ በፊት ተቀብታ ነበር። ለዚህ ነው መዳፍ የሚያህል ቀለም የተላጠው።

መልሶ ለመለጠፍም ሕግ አለው። ቦታው በአልኮል ይጸዳል፣ ይሞቃል፣ በደንብ ይጫናል። ያ ፕላስተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። «ዛሬ ለጥፈን ነገ ላባጆ» የሚባል ነገር የለም።

በገዛ እጅ መብሳት

እስካሁን የነገርናችሁ መነሳትን ለሚፈልግ ሰው ነው። አሁን ደግሞ እንዳይነሳበት ስለሚጨነቀው እንነጋገር።

አዲስ አበባ ውስጥ ወይም በዙሪያዋ የቆሙ መኪኖችን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ስፖኪዮው መስታወት ላይ የሰሌዳ ቁጥር ተቀርጿል። አንዳንዱ ፕላስቲክ ዳር ላይ ፋብሪካው ያላደረገው ብሎን ታስሯል፤ አንዳንዱ በሪቬት ተመቷል። ሌባ በክሊፕስ የተሰካውን በሰከንድ ስለሚነቅል ባለቤቱ ቀድሞ በገዛ እጁ መኪናውን ይበሳል። አስቡት! መብሳት እንዲቀር ተብሎ ሙጫ ተፈጠረ፤ እኛ ደግሞ በሙጫው ላይ ቀዳዳውን መለስነው። ታሪክ ወደ ብሎን ተመለሰ፤ ይህ ግን ለመፈታት የታሰረ ብሎን ሳይሆን በፍርሃት የታሰረ ነው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የፖሊሲውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ውጤቱ ግን ጋራዥ በራፍ ላይ ይታያል፤ ያለችው አሮጌ መኪና ይበልጥ ተወደደች፣ ይበልጥም እንድትኖር ተፈረደባት። የጎኗ ፕላስቲክ ስትሰበር አዲስ ማግኘት ቀላል አይደለም። ወይ መርካቶ ሱማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መፈለግ ነው ወይ የተሰበረውን መስፋት። ሳይሰብሩ ማንሳት መቻል እንግዲህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የአንድ ሰው የወር ገቢ ነው።

የሚያሳዝነው ይህ ዕውቀት የትም አለመጻፉ ነው። ሰበታና ቡራዩ፣ ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ፎቆችና መንገዶች በፍጥነት ይሠራሉ። መንገድ ዳር ያሉት ቆርቆሮ ጋራዦች ደግሞ መንገድ በሰፋ ቁጥር የሚነሱት መጀመሪያ ናቸው። የሰበታው ጋሼ አሁን ያሉበት ሦስተኛ ቦታቸው ነው። ባለፈው ሲነሱ መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ ተለማማጆቻቸው ግን ተበተኑ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ የት እንደገባ አያውቁም። እኛ «ተነሱ» ተብለዋል ብለን ስንጽፍ እሳቸው ግን የተጠቀሙት ሌላ ግስ ነው። «ከነቀሉን ወዲህ» ነበር ያሉት።

ይህን ሰምተን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። አንድን ነገር ሳይጎዱ ማንሳት ይቻላል። ማየት፣ ማሞቅ፣ መታገሥ፣ የት የት እንደተያያዘ ማወቅ ይጠይቃል። በኅብረትና በልምድ የተያያዘ ሙያም እንዲሁ ነው። ከአንድ ጫፍ ይዞ መፈንቀል ፈጣን ይመስላል፤ ከሥሩ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚታየው ከ«ቀጭ!» በኋላ ነው።

ሂሳቡ

የእኛን ሂሳብ ቃል በገባነው መሠረት እንናገር። ያገለገለች ፕላስቲክ ገዛን፣ የበሩን ቀለም ሙሉ አስቀባን። ለአራታችን የሁለት ወር የትራንስፖርት ገንዘብ ሄደ። ታላቅ ወንድም ደግሞ አራት ቀን ሳይሠራ ዋለ፤ ያን ቀን መልሰን የምንከፍልበት መንገድ የለንም።

ግን በሌላኛው በር ያለችው ፕላስቲክ ጫፏ መላላት ጀምራ ነበር፤ መነሳትና እንደ አዲስ መለጠፍ ነበረባት። ወደ ባለሙያ እንዳንወስዳት ታላቅ ወንድም ራሱ ከለከለን። «እናንተው ሥሩት» አለ፣ ቁልፉን እየሰጠን። ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በሩ ላይ ወድቃ፣ አጥበን፣ ሸፍነን፣ ናይለን ክሩን አስገባን። አንዳችን ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ፕላስቲኳ ሳትሰበር፣ ቀለሙም ሳይነካ እጃችን ላይ ቀረች።

እሱ በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ኋላ እንደነገረን ሲሰማ የነበረው ያቺን ድምፅ ነው። አልመጣችም።

የሰበታውን ጋሼ የምታውቁ፣ ወይም እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ሰፈራችሁ ያለ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉት። የተፈታውን የምናስር፣ የተነሳውን መልሰን የምንገጥም ያድርገን።

ቸር ይግጠመን።